አባ ኮዳ

አቶቴ መታጠፊያ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ እጽፋለሁ ለሕዝብ፦
ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ ክስና ይግባኝ፣
የሌላ ሰው እሮሮ ነው እንጀራ የሚሰጠኝ።

ጠረጴዛዬ ጥግ፣ ከማተሚያው ጀርባ፣
ጥቁር ሣጥን አለ፣ በመዳፍ የሚገባ።
የሸጠልኝ ላሚሶ፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣
ሲሰካው አስጠነቀቀኝ፦ «አይነካም በእጅ፤
በየሰዓቱ ራሱ ይውጣል ሥራሽን፣
መብራት ቢሄድ ባይሄድ አታጪም ፋይልሽን።»
እኔም ስም አወጣሁ። አባ ኮዳ አልኩት፤
አሞራ ገደል ዳር ቆመው የሚጠብቁት፣
የዓሣ አንጀት፣ ክንፍ፣ ጭንቅላት፣ አጥንት፤
አንገታቸው ሥር ያለች ያቺ ከረጢት
መቼም ሞልታ አታውቅም።
                    የኔው ግን ሞላበት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሲያዛጋኝ፣
ማያው ላይ አንዲት መስመር ብቅ ብላ ጠራችኝ፦
«ቦታ የለም። አዲሱን ለማስቀመጥ
የመጀመሪያው ቅጂ ይሰረዛል።»

ላሚሶ ዘንድ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ሕጉ ነው» አለኝ፤
«የዛሬን በየሰዓቱ ይይዛል፣ የወሩን በየቀኑ፤
ለራቀው ግን ሳምንት አንዴ ነው ሚዛኑ፤
ሆዱ ሲሞላ ደግሞ የቆየውን ይተፋል።
ሰውስ ቢሆን? አንቺ ያምና ማክሰኞሽ የት ይገኛል?
ካልፈለግሽ ግዢና ሌላ ሁለት ቴራ፣
ወይ ያንን የቱርክ ድራማ አውጪው፤ ይኑረው ስፍራ።»
እውነት ነው፤ ድራማ አለኝ፣ መቶ ሃያ ክፍል፣
ደባል አድርጌ ያስገባሁት፣ «ለጊዜው» በሚል።

እጄ ግን ከመልሱ ቀድሞ ወደ ኋላ ሄደ፣
የሚሰረዘውን ከፍቶ አንድ ባንድ ወረደ፦
የዛሬ ሦስት ዓመት መጋቢት። የፈረሰ የኪራይ ውል፣
የሙሽራው ስም የተሳሳተበት የሠርግ ጥሪ፣
የድሮ የዋጋ ዝርዝሬ፣ ገጹ በአምስት ብር ሳለ፣
እና
«ዱካሞ አቤቱታ»።

ጋሽ ዱካሞን አውቃቸዋለሁ። ጉዳያቸው መንገድ ነው፣
ጓሯቸውን ቆርሶ ያለፈ።
በየሁለት ወሩ ይመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፦
«ረዝሟል አሉኝ፣ ልጄ፤ እስቲ ከዚህ ቀንሽው።»
እኔም እቀንሳለሁ። በዚያው ስም፣ በዚያው ፋይል፣
አዲሱ አሮጌውን ረግጦት ያልፋል።
የአሁኑ አምስት መስመር ነው፣
«የከፈልኩበት ደረሰኝ ቅጂው ቢሰጠኝ» የሚለው፤
ከታች፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር»።
የመጋቢቱ ግን አራት ገጽ ነበር።

«እኔ ዱካሞ ሀሜሶ፣ ከአላሙራ ሥር፣
ቆሜ እናገራለሁ እንጂ አልለምንም።
አሥራ አንድ እንሰት ተነቅሎብኛል፤ የእያንዳንዱን ዕድሜ አውቃለሁ።
አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ ልጄ ከኋላው እየተደበቀች ያደገችበት።
ወሰኑን የለካው ባለሙያ ሜትሩን ከየት እንደጀመረ ይጠየቅልኝ።
መልሱን በአፍ አልቀበልም። በጽሑፍ።»

የጻፉት ጣቶቼ ናቸው። ጣቶቼ ናቸው የሰረዙት።
እንሰቱን በሰኔ አወጣሁ፣ ዛፉን በጥቅምት፤
«አልለምንም» የምትለዋን መቼ እንደሆነ እንጃ።
ትንሽ ቃል ናት። ቦታም አትፈጅ።

ማተሚያዬ ሳል አለበት፤ አራቱን ገጽ ሳለ።
ወደ ማያው ዞሬ «እሺ» አልኩት፤ ቀጠለ።

ዓርብ መጡ። «ሦስት መስመር ይበቃል አሉኝ» ብለው ተቀመጡ።
መነጽር የላቸውም። አነበብኩላቸው፣
ከመጀመሪያው እስከ «በጽሑፍ» ድረስ፣
ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ እያቆምኩ፣ ሲያበቃ እየቀጠልኩ።
አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ፣
አንዴም ሳይነቃነቁ።

ስጨርስ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።
«ደፋር ሰው ነው» አሉኝ። «ቃሉ ደግሞ ሲጣፍጥ!
የማን ጉዳይ ነው፣ ልጄ? ተሳካለት?»

አሥር ሰዓት ሞላ። ከማተሚያው ጀርባ
ትንሿ መብራት ብልጭ አለች፤
መዋጥ ጀመረ።