የእንቁላል ሻጩ ሒሳብ

ድልድዩ ሳይሠራ፣ በጀልባው ዘመን፣
ኮሊምፑር ወደብ ላይ መኪና ይሰለፍ ነበር ሌት ተቀን።
ሞፊዙል ለዚያ ሰልፍ ነው ያደረ፣
በአንድ ባልዲ እንቁላል፣ በጨው በበርበሬ ልጆቹን ያስተማረ።
«የሚሮጥ ሰው አይርበውም፤ የቆመ ነው የሚበላ»
ይል ነበር ቅርፊት እየላጠ፣
ለባለ ሙዙ፣ ለባለ ሸክላ።

ኋላ መጡ፣ የብረት ቆብ ያጠለቁ፣
የወንዙን ጥልቀት በገመድ የጠየቁ።
ስድስት ክረምት ብረት ሲበየድ፣
ብድር በብድር ላይ ሲቆለል፣ ምሰሶ ሲወለድ፣
ባልዲው በቀን ሁለቴ ይሞላ ጀመር ለሠራተኛው፤
ገበያውን የሚቀብረውን ሰው
እየቀለበ መሆኑን ማን ይንገረው?

ሪባን ተቆረጠ።
በነጋታው ወደቡ እንደ ሠርግ ማግስት ድንኳን ፈዘዘ፤
ባልዲው እንደ ሞላ ቤት ገባ፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ።

በዳካ፣ ደብተር የያዘ ሰው ይናገራል፦
«ዕድገታችን በመቶኛ ይህን ያህል ጨምሯል።»
አልዋሸም።
ወተቱ ሳይጎመዝዝ ከተማ ይደርሳል፤
ሐብሐብ መንገድ ላይ አይበሰብስም፤ መሬት ንሯል፤
ጎረቤቱ ሩክሳና ስፌት ፋብሪካ ውላ
በማታው አውቶቡስ ትገባለች፣ የልጇን ጫማ በፌስታል አንጠልጥላ።
ግን ከነጥቡ ወዲያ ባለችው ክፍልፋይ እንኳ ቢፈለግ፣
ለአንድ ባልዲ እንቁላል ቦታ የለም፣ ጥግ።

ከጀልባ የተሰናበቱት ሻይ ቤት ተኮልኩለው
«ይህ ብረት ጉሮሯችንን ዘጋ» ይላሉ፣ ድልድዩን ገላምጠው።
ሞፊዙል አብሯቸው አይራገምም።

አንድ የጥር ሌሊት ነበር፤ ጭጋጉ እንደ ቡልኮ የከበደ፤
ከሰልፉ መሀል አምቡላንስ፣ ጩኸቱ ደክሞት የበረደ።
አባት ወረደና ሁለት እንቁላል ገዛ፤
«አንዱን ልጄ ስትነቃ ትበላዋለች» አለ፣ ድምፁ ፈዛዛ።
ሃምሳ ታካ ሰጠው፤ መልስ አልነበረም፤
«ስንሻገር» ተባባሉ።
ጎህ ቀደደ፤ ጀልባው መጣ፤ አምቡላንሱ ግን አልተሻገረም፤
ዞሮ በመጣበት ተመለሰ፣
ሳይጮኽ፣
ሳይቸኩልም።

ዛሬ ሲመሽ ምሰሶው ሥር ይቀመጣል፣
ከራሱ በላይ የሚነጉደውን ብርሃን ይቆጥራል።
አንዳንዴ ቀይ መብራት፣ ብልጭ ድርግም እያለ፣
ወንዙን በሦስት ደቂቃ ተሻግሮ ሲያልፍ፣
ያቺን መልስ፣ ሠላሳ ታካዋን፣ ከኪሱ ያወጣል፤
ያያታል፤ አጥፎ መልሶ ይከታታል።
«ተበደልኩ» አይል፣ «ተካስኩ» አይል፤
ባልዲው በአፉ ተደፍቶ
ወንበር ሆኖታል።