አንድ ዓይና

ደንገጎን ወረድኩኝ፣ ጥምዝምዙ አለቀ፤
የጫንኩት ጫት ነው፣ ካደረ ደረቀ።
ነጋዴው ደወለ፤ «የት ደረስክ?» ይለኛል፣
አፌ ዝም ቢልም እግሬ ይመልሳል፤
ነዳጅ ይረግጣል።

የድሬ ወበቅ መጣ፣ በመስኮት ገባልኝ፤
መንገዱ ጨለማ፣ ባዶ መሰለኝ።
ጥላ ነው ስል፣ ጎማ።
ጎማ ነው ስል፣ ሰው።
ሰው ነው ስል፣ ፍሬኑ ጮኸ፤ ብረት ብረትን ነካ፣
አይሱዙዬ ቆመች፣ አንድ ክንድ ሰብራ ለካ።

ሙሜ ይባላል፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣
ከማታ ፈረቃ ወጥቶ ቤቱ ሊተኛ።
ትራፊኩ መጣ፤ ባትሪውን አብርቶ
የብስክሌቱን ጭራ አገላብጦ አይቶ
«መብራት የለው፣ ልብሱም ጥቁር» ብሎ ጻፈ።
እኔም ነቀነቅኩ፤ አንገቴ ምን ገዶት፣ በቀላሉ ታጠፈ።

ወደ መኪናዬ ፊት ግን አልዞረም።
ቢዞር ኖሮ...
የግራ መብራቴ ከጥር ወዲህ በርቶ አያውቅም።
አምፖሉ ስንት ነው?
የአንድ ዙርባ ዋጋ።
ነገ እገዛለሁ ስል ስንት ሌሊት ነጋ!

ድል ጮራ ሄድኩለት፣ ብርቱካን ይዤ።
ነገርኩት፤ ዓይኔን ከጀሶው ላይ ሳልነቅል፣ ፈዝዤ።
ዝም አለ። ቆይቶ፦
«አቦ! እኔ እንኳ የወተት ጣሳ ክዳን
ከኋላዬ አስራለሁ፣ ያብረቀርቅ ይሆናል።
ግን ቆርቆሮ ከራሱ ብርሃን የለውም፤
ካላበራህበት
ያው ጨለማ ሆኖ ያድራል።»

አምፖሉን ገዛሁ። መስታወቱንም ወለወልኩ።
ደንገጎ ላይ ስልኩ ይጮሃል።
ይጩህ።