መቶ ከመቶ

ኤል አልቶ ላይ አየሩ ስስ ነው፤
ደረጃ የወጣ ሰው
ግድግዳ ይዞ ነው የሚያርፈው።
እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፣ አገሬ ሳንታ ክሩዝ፤
ስድስት ወር ኖሬም እዚህ፣ ራሴ ሲወዛወዝ፣
የትንፋሽን ማነስ
ከሁሉ አብልጬ ፈራሁ፤
መብዛቱን ግን በቃል አጥንቼ
እጄን ሳላስተምር ቀረሁ።

በዚያች ሌሊት ሁለት ነን፣ ሕፃናቱ አሥራ አንድ፤
አንዱ መብራት ሲጠፋ ሌላው ቀይ ሲነድ።
አንዱ እግሩን ሲያወራጭ ገመዱ ይላላል፣
ማሽኑ በሐሰት ይጮኻል፤
ሌላው ሲያለቅስ ይወርዳል፣
ሳልደርስ ይመለሳል።
ጣቴ ከጆሮዬ ቀድሞ
ደወል ማፈን ለመደ፤
እውነቱም ከሐሰቱ ጋር
አብሮ ታፍኖ ሄደ።

«የቲኮና ልጅ» ይላል ካርዱ። ስም አልወጣለትም።
ዘጠኝ መቶ ግራም፤ ሲይዙት አይከብድም።
በሌሊቱ ስምንት ሰዓት፦ ሰባ፣ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ፤
ከንፈሩ ጠቆረ፣ ደረቱ ሰርጉዶ ሳሳ።
ኦክስጅኑን ከፈትሁለት። ነፍስ ዘራ። ቀላ።
«ተመልሼ እቀንሳለሁ» አልሁ፤ ጠራኝ ደግሞ ሌላ።

ስመለስ ቁጥሩ መቶ ነው።
መቶ!
በልጅነት፣ በደብተር ጥግ፣ በቀይ ቀለም የተመኘነው፤
ማን ይደነግጣል ሙሉ አግኝቶ?
የላይኛው ጠርዝ ደወል ተዘግቶ ነበር፤ ማን እንደዘጋው አላውቅም፤
ሳላይ ማለፌን ግን በማንም አላላክክም።
አራት ጊዜ፣ በየሰዓቱ፣
«ደህና» ብዬ ጻፍሁ፣ ፊደሌን አሳምሬ።
ሲነጋ ዶክተር ኢላሪዮን መጣ፤ ቁጥሩን አየ፤
አንድም ቃል ሳይናገር መዝጊያውን ዝቅ አደረገ።

በስድስተኛው ሳምንት የዓይን ሐኪሟ መጣች፤
ጎንበስ ብላ አየችው፤ ብዙ ዝም አለች።
«በአንድ ሌሊት አይደለም» አሉኝ፣ «የሌሊቶች ድምር ነው»፤
ድምሩን ይዤ እቀመጣለሁ፦ የእኔ የቱ ነው?
የስህተት ቅጹ ሦስት ክፍት መስመር ነበረው።
ሁለቱን ሞላሁ።

በአራተኛው ወር እናቱ ልታሳየን አመጣችው።
«ኔልዳ፣ ትንፋሹን ያቆየሽልኝ» ብላ ጉንጬን ሳመችው።
ከአንቀልባዋ ጫፍ ቀይ የሱፍ ኳስ ፈትታ
ፊቱ ላይ አወዛወዘች፣ ወዲያ ወዲህ፣ በደስታ።
አልተከተለም።
ከኋላችን የሌላ ሕፃን ደወል ሲጮኽ ግን
አንገቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤
ማፈኛውን ሊጫን የሄደው ጣቴ
አየር ላይ ቀረ።