ቤት ያልመታ ግጥም

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ኢሪ ከተማ፣ የካቲት፤
የሐይቁ ንፋስ ጆሮ ይከትፋል እንደ ምላጭ ስለት።
ከትምህርት ቤት በውሰት የመጣ ቢጫ አውቶብስ
ያስላል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ሰው ተሟልቶ እስኪደርስ።

በአንዲት ቁራሽ በጀት ሰባት ዓመት የተናከሱ
አራት ማኅበሮች ዛሬ በአንድ መኪና ተነሱ።
ከፊት ቤት ፈላጊዎቹ፤ ከኋላ የእስረኛ ወላጆች፤
መሀል ከሱስ ያገገሙ፣ ማስቲካ የማያልቅባቸው ጎረምሶች፤
የአእምሮ ሕሙማን ማኅበር ጥግ ጥጉን ይዟል፤
መስኮቱ በጉም ታውሮ እንኳ ወደ ውጭ ያያል።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ተጀመረ ንትርክ፦
"እኛ እንቅደም!" "እናንተማ አምናም ወሰዳችሁ!" "ምን ሲደረግ!"
ለያንዳንዱ ምስክር ሦስት ደቂቃ ተፈቅዷል፤
ሦስት ደቂቃ! እንቁላል እንኳ ያኔ ጥሬ ነው፣ ይፈሳል።

ቬርና ዱዴክ ብቻ ዝም። ቦርሳዋን ከፈተች፣
በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ደብዳቤ አወጣች።
"ውድ ሊላንድ፣" ትላለች፣ "ተራህ ደርሷል፣ ደስ ይበልህ፤
በሠላሳ ቀን ውስጥ ቅረብ፣ መታወቂያህን ይዘህ።"
የመጣችው ልጇ በተቀበረ ባሥራ አራተኛው ወር ነው።

"ሊላንድ?" አለ ኦዴል ሬይኒ፣ ከኋላ ብድግ ብሎ።
"ግራኙ? ከሳሙና ቼዝ የሚቀርጸው?
ሲሸነፍ፣ በንግሥቲቱ እጁን የሚታጠበው?"
ስምንት ወር ባንድ ክፍል ታስረዋል።

ማሪሶል፣ የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ፣ ጓንቷን አወለቀች፤
"አራት ጊዜ ተቀብዬዋለሁ። አልጋ የለም አልነው" አለች።
"ሰማያዊ ካልሲ አልብሼ በበረዶ ሸኘሁት።"
ብሪጂት፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤቷ፣ ምራቋ ደረቀባት፤
ቆይታ፣ "አራት መቶ አስራ ሁለተኛ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ጥላ መሬት፣
"አንዴ ሰርዤዋለሁ። ስልክ አያነሳም ብዬ። ለካ እስር ቤት..."

ከዚያ በኋላ ማን ይቅደም ያለ የለም።

እኔም በልቤ ቆጠርኩ፣ የዞረበትን መንገድ በሙሉ፦
መጠጥ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣
ደግሞ ሐኪም ቤት፣ ደግሞ እስር ቤት፤
ይህ ሁሉ ቤት እያለው
ቤት የለውም የሚባለው።
ዛሬ እኛም የምንሄድለት
ወደ አንዱ ነው፣ ምክር ቤት።

ሃሪስበርግ። የእብነ በረድ ደረጃ። በሩ ላይ የብረት መፈተሻ።
ኦዴል ሳይጠይቁት ቀበቶውን ፈታ፤ እጁ ለምዶታል።
ማሪሶል ጀመረች። ሦስት ደቂቃዋ አለቀ፣
ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና መሀል ላይ ነበረ፤
ኦዴል ከዚያው ከመሀሉ ቀጠለ፣
ከኦዴል አፍ ብሪጂት፣ ከብሪጂት አፍ ቬርና ተቀበለች።
ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፦
"ይቅርታ፣ ይህ የአንድ ሰው ነው ወይስ የአራት ጉዳይ?" አለ።
"የአንድ ልጅ ነው" አለች ቬርና።
"አራት በጀት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።"

ረቂቁ ወደ ንዑስ ኮሚቴ ተመራ።
ደግ ቃል ናት "ተመራ"፤
ለወትሮው ዕውር ነው በሰው እጅ የሚመራ።

ማታ በመልሱ በረዶው መንገዱን በላ፤
ጠቡም ተመለሰ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ በማን አዳራሽ ይሁን በሚል።
ቬርና ደብዳቤዋን አጥፋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"አራት መቶ አስራ ሦስት ማነው?" ብላ ብሪጂትን ጠየቀች።
"መናገር ክልክል ነው" አለች ብሪጂት። ኪሎ ሜትሮች ካለፉ በኋላ፣
"በሕይወት አለ" አለች።

በግጥም ደንብ እዚህ ላይ ስንኙ ቤት መምታት አለበት፤
ቃሉም አልጠፋም፣ ከላይ ስደረድረው ዋልኩት።
የሊላንድ ስም ያለበት ስንኝ ግን
ዛሬም ደጅ ያድራል።