ባለ ሦስት እግር

ከአናጢው ከሸረፋ ቤት አምስት በርጩማ ተዋስኩ፣
ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፤
ለሜዳ ምልክት መግዣ በጀት የለንም፣
ለጠመኔም የለን።
ዝናቡ ካባራ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም፤
የጅማ ግንቦት እንዲህ ነው፣ ሳይሰናበት ይመለሳል።
ሲሚንቶው ላይ ኩሬ፣
ኩሬው ውስጥ የተገለበጠ ቀለበት፣
መረብ የሌለው።

በርጩማዎቹን ደረደርኩ፤
አንዱን ፊት፣ ሦስቱን በወገብ፣ አንዱን ከቅርጫቱ ሥር።
«የአጋሮ ልጆች እንዲህ ነው የሚቆሙት» አልኩ፣
«ባለፈው ሠላሳ ሁለት ለዘጠኝ የሸኙን።
ዞን ተኝቶ ይጠብቃል።
ጥጉን ባዶ ትቶ ‘ነይ ግቢ’ ይላል፤
ኳሷን እያነጠርሽ ስትገቢ
ሁለቱ ይነሳሉ፣ እንደ በር ይገጥማሉ።
ሦስተኛው ተከላካይ መስመሩ ነው፤
መስመር አይደክመውም፣
ፋውል አይሠራም፣ አይቀየርም።»

‘የቸኮለች አፍሳ ለቀመች’ ያለው ሰው
ቅርጫት ኳስ ሳይጫወት አልቀረም።

እያጨበጨብኩ አስጠናኋቸው፦

ሳትወጠሪ እዪ፣ ሳትከበቢ ስጪ፣
መሃሉ ሲከፈት በመሃል አምልጪ፤
ሁለት አንቺን ሲይዙ ሦስት ናቸው የቀሩ፣
እኛ አራት ቀርተናል፣ ሒሳቡን ቁጠሩ።

ነጂባ፣ የሸረፋ ልጅ፣ ከሁሉም አጭሯ፣
አንዱን በርጩማ ገልብጣ እግሮቹን ዳበሰች።
«ኮች፣ አባቴ አራት እግር የማያወጣለት
ወለላችን ጎርባጣ ስለሆነ ነው።
አራት እግር አንዱ አጥሮ ይንገዳገዳል፣
ሦስት ግን የትም ይቆማል።
የተያዘችዋም ሦስት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት፤
አንዷ ከኋላዋ፣ አንዷ በመስመሩ፣ አንዷ መሃል።»

የአሰልጣኝነት ኮርስ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፤
እንዲህ ያስረዳኝ አልነበረም።

እስኪመሽ ደጋገምነው።
ሐዊ መሃል፣ ሲፈን ከኋላ፣ መክያ በመስመሩ፣
ፎዚያ ከሩቁ ጥግ፣ ተረስታ እንድትጠብቅ።
የበጃጅ ጡሩንባ፣ የወንዶቹ ጉርምርምታ
(«መቼ ነው ሜዳውን የምትለቁት?»)፣
በርጩማ የማይሮጥ ተከላካይ ነው፤
በርጩማን ማን ያልፈዋል ያልተባለ?

ቅዳሜ ግን በርጩማዎቹ ሮጡ።

በመጀመሪያው ሩብ ሦስት ጊዜ ያው ጥግ፣
ሦስት ጊዜ ያው በር።
እኔ ከዳር ሆኜ
«ስጪ! መሃል! ኋላ! ቶሎ! አትቸኩዪ!»
በአንድ ትንፋሽ።
ነጂባ ኳሷን በሆዷ አቅፋ፣
አራት ክንድ ከላይዋ እንደተከደነ፣
ሁለቱን አላየችም።
ሐዊንም አላየችም።
እኔን ነበር የምታየው።

ያኔ እግሬን አየሁት፤
መስመሩ ላይ ቆሟል።

ሁለቱ በክንዳቸው፣ እኔ በጩኸቴ፤
ያ የማይደክመው፣ የማይቀየረው።

ታይም አውት አልጠየቅሁም።
ለአሰልጣኝ መቀመጫ ባመጣነው በርጩማ ላይ
ቁጭ አልኩ፣ ኮፍያዬን ነከስኩ።
ዝም ማለት እንዲህ ያለ ጉልበት እንደሚፈጅ
ማንም አልነገረኝም።

ሁለቱ እንደገና መጡ።
ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፤ የምጮኸው የለም።
ኳሷን ከአናቷ በላይ አነሳች፣ እጆቹም አብረው ተነሱ፤
ከዚያ ዝቅ ብላ በብብታቸው ሥር አሾለከቻት።
ሐዊ ሳታነጥር ወደ ጥግ።
ፎዚያ፣ ያቺ የተረሳችው፣ ብቻዋን።
ወረወረች፤
ኳሷ ቀለበቱ ላይ ሁለቴ ዞረች፣
አሰበች፣
ወጣች።

ብድግ አልኩ፣ እንደ ሞኝ አጨበጨብኩ።

በአራት ነጥብ ተሸነፍን።

ማታ በርጩማዎቹን ስመልስ
ሸረፋ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ፍቆ
«እንጨት ውሃ አይወድም» አለኝ።
ቆየት ብሎ፣ «አሸነፋችሁ?»
«ወጣን» አልኩት።
ከምን እንደሆነ አልጠየቀም።