ሁለት ጋውን

ሁለት ጋውን አለኝ፣
ባንድ ፌስታል ታጥፈው አብረው የሚያድሩ፤
አንዱን ከገበያ የገዛሁት ነው፣
ቀለም የጠጣ ነው ኪሱ ከነዳሩ።
ሌላው ቁጥር አለው፣ ደረቱ ላይ ማኅተም፣
ቢጠፋ ከደሞዝ ይቆረጣል ብሩ።

ጠዋት ሰባ ሁለት ልጅ፣ ሦስት ሦስት ባንድ ዴስክ፣
«ቲቸር! ቲቸር!» ሲሉኝ ድምፄ ይሰነጠቃል፤
ከሰዓት ሃያ አራት፣ መስኮቱ መጋረጃ፣
«ሚስ» ይሉኛል ቀስ ብለው፤ ሹክሹክታም ይበቃል።
በመሃል ባጃጅ አለ፣ አምስት ደቂቃ መንገድ፣
ዘንባባው ሥር ወርጄ ጋውን እቀይራለሁ፤
ልጄም እዚያ ይማራል፣ ለመምህር በግማሽ፤
ግማሹን ከፍዬ
ሙሉውን ዝም እላለሁ።

ዘንድሮ ተፈራረሙ። ባነር ተሰቀለ፣
ከዘንባባ ዘንባባ ተወጥሮ፤
«አጋርነት» ይላል። ኬክ ተቆረሰ፤
አቶ ልጅዓለም ማይኩን ጨብጠው
«እኩል ነን» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።
በሳምንቱ «ነት»ን የጣና ንፋስ ወሰደው፤
«አጋር» ብቻ ቀረ፣ ከግንዱ ጋር ታስሮ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት
አርባ ልጅ አስከትዬ ወደ ላብራቶሪያቸው፣
በእግር። አውቶብሱማ ቆሟል።
«ወንበሩ አዲስ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ...» ብለው
ሳይጨርሱት ተዉት፣ ፈገግታ ጨምረው።
የቱን ጋውን ልልበስ? ባለማኅተሙን?
ልጆቼ ፊት ባዕድ?
አሮጌውን ለበስኩ፣ እጄን ኪሱ ላይ አድርጌ
ቀለሙን ልከድን።

አንጓች ከወራሚት ናት። በሀይላንድ ጠርሙስ
የሐይቁን ውሃ ይዛ መጥታለች፣
የእምቦጭ ሥር ጨምራ፤
«ቲቸር፣ ይኼን እንየው፣ በዚያ በማጉያው» አለች
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደግሞም ተደፋፍራ።
«ስላይድ አዘጋጅተናል፤ ቆሻሻ አይገባም» አለ
ጓንት ያጠለቀው።
አስጎብኚ ከሆኑት የቤቱ ልጆች አንዱ፣
ክራቫቱን አጥብቆ፣
የኔው ባስልኤል ነው።

ስለ እምቦጭ ነገራት፣ በእንግሊዝኛ፣
ቃል ሳይስት፣ እንደ ዳዊት እየደገመ፤
ታግሳ ሰማችው፣
አንድ ቃል ሳትጥል፣ እሱ እስከደከመ።
«አባቴ» አለችው፣ «በእጁ ነው የሚነቅለው፣
እስከ ደረቱ ገብቶ፤
ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ይኼን ሲጎትት ነው
የሚገባው መሽቶ።»

ልጄ ቀና አለ። አየኝ። ዓይኑ ኪሴ ላይ አረፈ።
«ሚስ» አለኝ፣ «ሰዓት አለፈ።»
ቤት «እማ» ነው የሚለኝ።
«ግቢ ውስጥ ሚስ በለኝ» ያልኩት እኔው ነኝ፤
ደንብ ነው፣ አይከፋም፤
ያን ቀን ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ
እንደ ዓሣ አጥንት ሆኖ፣ አይወጣም፣ አይጠፋም።

ስንወጣ ዘበኛው፣ ጋሽ አዱኛው፣
ሁልጊዜ ቆብ የሚያነሳልኝ፣
ቦርሳ በቦርሳ ከፈተ፣ ደብተር አራገፈ፤
የአንጓችን ጠርሙስ አሽትቶ ደፋው።
«ሚስ፣ እርስዎ ይለፉ» አለኝ።
አለፍኩ።
ማለፍ አልነበረብኝም፤
እግሬ ግን ለምዶ አለፈ።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ፦
«ለመዝጊያው ፎቶ ልጆቹ የቀድሞውን ዩኒፎርም ይልበሱ፣
አዲሱ አይሁን።»
አዲሱን ወላጆች ዕቁብ ጥለው ነው ያሰፉት።
ለሰልፉ አነበብኩ፤ እዚያ መስመር ስደርስ
ሳል ያዘኝና ዘለልኩት።
መጡ፣ ሹራቡ ቡናማ፣ አንገቱ ያልላላ፣
ፀጉር በቅባት የረጠበ፤
ፎቶ አንሺው ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ካሜራውን ዝቅ አርጎ
«ተረጂዎቹ የትኞቹ ናቸው?
ሰማያዊዎቹ ወይስ ቡናማዎቹ?» ብሎ ቀረበ።
ማንም አልመለሰ።
አቶ ልጅዓለም እኔን አዩ፣
እኔ ሐይቁን አየሁ።

ማታ ሁለቱንም ባንድ ሳፋ ነከርኩ፤
ባስልኤል ከኋላዬ ቆመ፣ ቆየ፣
«እማ» አለ፣
«ያንቺ ትምህርት ቤት ጥሩ ከሆነ
እኔን ለምን እዚያ አላስገባሽኝም?»
አሮጌውን አነሳሁ፣ ጨመቅሁ።
ሌላውን ጫፍ ይዞ ጠመዘዘልኝ፣ ዝም ብሎ፤
የኪሱ ቀለም ግን
አልለቅ አለኝ።