የተሰረዘው ጥያቄ

ስድስት ኮምፒውተር፣ አርባ ሁለት ልጆች፤
አንዷን ቁልፍ ሰሌዳ የሚጋፉ እጆች።
ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ መስኮት ሲነካ፣
የደብረ ሲናን ቀን በነጭ ሲተካ፣
አንድ ገጽ ከፈትሁኝ ሁሉም የሚጽፍበት፣
አሥሩን ጥያቄዬን ተራ አስያዝሁበት።

«አፈር መሸርሸሩ ጉዳቱ ምንድን ነው?»
ከተቀጠርሁ ወዲህ የምጠይቅ ይህን ነው።
መልሱም ተዘጋጅቷል፣ በማስታወሻዬ ውስጥ፣
ጠርዙ በተበላው፣ በማይለዋወጥ።

ከዚያ ነጩ ገጽ ላይ ፈሉ ጠቋሚዎች፣
በመጀመሪያ ዝናብ እንደሚወጡ ምስጦች።
አረንጓዴው አይናዲስ፣ ቀዩ ምንተስኖት፤
ሐምራዊው ግን ማን ነው? ስሙን አልጻፈበት።

ሐምራዊው ዝግ ብሎ ወደ አናት ወጣና
ከጥያቄዬ ጫፍ፣ ከጭራው ቆመና
መብላት ጀመረ።
«ምንድን ነው» ሄደ፤ «ጉዳቱ» ሄደ፤
«መሸርሸሩ» ራሱ ተሸርሽሮ ወረደ፤
«አፈር» ብቻ ቀረ።

ጣቴን አነሣሁኝ፣ ልመልሰው ብዬ፤
ሃያ ዓመት ያነገሠኝ ቀይ እስክርቢቶዬ
እዚህ ገጽ ላይ የለም።
ገና ሳልወስን ግን፣ ቃል ከቃል ሲለቀም፦
«አፈር ቤታችንን ይዞ የወረደው
ከላይ ተገፍቶ ነው? ወይስ ከታች ማን ከዳው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቁልፍ ብቻ ያወራል፣
ቆርቆሮ ላይ ካፊያ የሚጥል ይመስላል።
አይናዲስ፦ «ምንጫችን ቦታ ቀየረብን፣
ክረምት ሳይገባ ነው። ያ ምልክት ነበር?»
ምንተስኖት፦ «ውሸት ነው፤ መንገድ ቆፋሪው ነው።»
«ማስረጃህ?»
«አላውቅም።»
«እንግዲያ ጠይቀው፤
አጎትህ አይደል እንዴ ግሬደር የሚነዳው።»
«ጓሯችን ስንጥቅ አለ፤ በስንዝር ለክቻለሁ፤
ቅዳሜ የሚመጣ ካለ አሳያለሁ።»

ማንም አላየኝም። ከጠመኔዬ ጋራ
ቆሜ ቀረሁ፣ ድግስ ላይ ስሙ እንዳልተጠራ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ፤ አለቀ።
አለቀ ያልሁት እኔ ነኝ።

ከአርማንያ አንዱ፣ ሦስት ሰዓት ከሌሊቱ፣
የጎርፍ ቦዩን ሥሏል፣ ተጣሞ፣ በጣቱ፤
ሌላው አርሞታል፤ ሌላው አራሚውን አርሟል፤
ስሕተቱ፣ እኔ ሳልነካው፣ ሲቃና አምሽቷል።

ከሁሉም ግርጌ፣ ሐምራዊው፦ ወርቅያንጥፉ።
ከመስከረም ወዲህ ድምፅዋን ያልሰማሁት፣
«አለች» ብዬ ብቻ ስም ስጠራ ያለፍኋት፣
ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ቤቷ የተናደባት።
«ጥያቄዎን ስለሰረዝሁት ይቅርታ፣» ትላለች።
«መልሱን ያውቁት ነበር።»

የኔ ጠቋሚ ግራጫ ነው። ብልጭ ድርግም አለ
አንዲት መስመር ላይ ቆሞ፣ እያሰላሰለ።
«ቅዳሜ እኔም ልምጣ? ሜትር አለኝ፣» አልሁ።
ጠበቅሁ።

«ይምጡ፣» አለ ቀዩ።
ሐምራዊው ቆየት ብሎ፦
«ቦቲ ያድርጉ ቲቸር። ገመዱን እኛ እንይዛለን።»